ለአስር ቀን የሚበቃ ውሃ፦ አዳማ ቤታችን እንዴት እንዳጠራቀምነው

በርሜሉ ሰማያዊ ነው። 200 ሊትር ይይዛል። ጓሮ ከኩሽናው ጥግ አቆምነው፣ ሞላነው፣ ከላዩ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ጣል አደረግንበትና ረሳነው። «ለክፉ ቀን ይሆናል» ተባብለን ነበር። ክፉ ቀኑ የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። ቧንቧው ጭል ጭል አለ፣ ከዚያ ጨርሶ ደረቀ። አንድ ቀን ቻልን፣ ሁለት ቀን ቻልን። በሦስተኛው ቀን በርሜሉን ለመክፈት ወጣን።

ቆርቆሮውን ሳነሳው ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። የበርሜሉ ግድግዳ ውስጥ ውስጡን አረንጓዴ ለብሷል። በጣቴ ስነካው ያሙለጨልጫል። ውሃው ላይ ደግሞ ክር የሚያካክሉ ጥቃቅን ነገሮች ተንጠልጥለው ቆመዋል። ጥላዬ ሲያርፍባቸው እየተጥመለመሉ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ አንድ በአንድ ይወጣሉ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። «ውይ ልጄ! ትንኝ ነው እኮ ስናረባ የከረምነው» አለች። 200 ሊትር ውሃ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ፣ ለልጆቹ የምሰጠው አንድ ብርጭቆ አልነበረኝም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ነገሩን ከሥሩ የያዝኩት። ብዙ ተሳስቻለሁ፣ ገንዘብም ጠፍቶብኛል። እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ቤታችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ መጨረሻ የሚደርሰን፣ ሲሄድ ደግሞ መጀመሪያ የሚለየን እኛ ነን። ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ሦስት ልጆች። ሮቶ ለመግዛት ከመሮጤ በፊት ስንት ውሃ እንደምንጨርስ ማወቅ ፈለግኩ። ከበሩ ጀርባ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ መዘገብኩ። እያንዳንዱ ጀሪካን ሲከፈት አንድ ጭረት፣ ከጎኑ ለምን እንደዋለ። የገረመኝ ሽንት ቤቱ ነው። የእኛ የሽንት ቤት ሳጥን አንዴ ሲለቀቅ 9 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ለስድስት ሰው በቀን ስምንት ጊዜ ብቻ ቢለቀቅ እንኳን 72 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ለመጠጥና ለምግብ የምናውለው ከዚያ ግማሽ አይሞላም ነበር።

በአደጋ ጊዜ የሚሠሩ የረድኤት ድርጅቶች ስፌር የሚባል መመዘኛ አላቸው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል፤ መጠጡም፣ ምግቡም፣ ንጽህናውም በዚያ ውስጥ ነው። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ከታሰበ ደግሞ ከ2.5 እስከ 3 ሊትር። የአዳማን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው 3 ሊትር ትንሽ ናት። እኔ ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው 5 ሊትር ያዝኩ። ለስድስት ሰው 30 ሊትር። በጠቅላላው 15 ሊትር በሰው ሲሆን 90 ሊትር በቀን፣ ለአስር ቀን 900 ሊትር። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ግዢው ቀላል ሆነ። አንድ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ለሁሉም ነገር፣ አስር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሚጠጣው። የእናንተ ቤት ቁጥር ሌላ ይሆናል። ብቻ ሦስት ቀን ቁጠሩ፣ አደራ።

ስለ ዕቃው። የመጀመሪያውን በርሜል ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ነው የገዛሁት። «ታጥቧል፣ ንጹህ ነው» ተባልኩ። ምን ተይዞበት እንደነበር አልጠየቅኩም። ኋላ ላይ ከጎኑ የተላጠውን ወረቀት ትራፊ ሳየው የኬሚካል ምልክት አለበት። ፕላስቲክ የያዘውን ነገር ይመጠምጠዋል። ቢታጠብም ቀስ በቀስ መልሶ ይለቀዋል። ሽታ የለውም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ምን እንደያዘ በእርግጠኝነት የማታውቁትን በርሜል ለመጠጥ አትግዙ። ቀለም፣ ነዳጅ ወይም የተባይ መድኃኒት የያዘ ከሆነማ ለልብስ ማጠቢያም አይሁን። የእኔ በርሜል አሁን አሸዋ ይዞ ቆሟል።

ቢጫው የዘይት ጀሪካን በየቤቱ አለ። ምግብ ስለያዘ አይመርዝም፤ ግን ዘይቱ ከግድግዳው ተጣብቆ ይቀርና ይሻግታል። ሙቅ ውሃ፣ ኦሞ እና አንድ እፍኝ ድቡልቡል ጠጠር ጨምራችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡት። ሦስት ጊዜ። እኛ ይህን ሁሉ አድርገንም ሽታው ያልለቀቀን ስላለ፣ ቢጫዎቹን ለእጥበትና ለሽንት ቤት ብቻ መደብናቸው። ለመጠጥ አዲስ ነጭ ጀሪካን ገዛን። ቀለሙ ራሱ ይናገራል፤ ትንሹ ልጄ እንኳን አይሳሳትም። ነጩ ችግሩ ብርሃን ማስገባቱ ነው። አረንጓዴው ነገር የሚበቅለው በብርሃን ነውና፣ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ደርድረን በማዳበሪያ ሸፈንነው። ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ ሳይሆን ጣውላ ላይ ነው የቆሙት፤ አንዱ ቢያፈስ ቶሎ ይታያል።

አሁን ወደ ሮቶው ልምጣ። ትልቁ ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ የሞላ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ 10 ኩንታል ይመዝናል። 10 ኩንታል ጤፍ በአራት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ተቆልሎ አስቡት። እኛ ያደረግነው እሱን ነው። ሻወሩ ግፊት እንዲኖረው ብለን በያጅ አስመጥተን ሦስት ሜትር የሚሆን የብረት ማማ አሠራን። ማማው የቆመው ከልጆቹ መኝታ ቤት ግድግዳ ጀርባ ነበር። ቦታው ያመቸን ስለመሰለን ብቻ።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በፈንታሌና በመተሐራ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እኛም ጋ ደረሰ። አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቷል። ከነዚያ ሌሊቶች በአንዱ መጠኑ ከ5.5 በላይ ነበር። አልጋው ሲንቀሳቀስ ነቃሁ። ብርጭቆዎቹ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይንጫጫሉ። ከዚያ ከውጭ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ውሃው ሮቶው ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይንቦጫረቃል፤ ብረቱም አብሮ ይንቋቋል። መንቀጥቀጡ ካቆመ በኋላም ውሃው አላቆመም። ባለቤቴ ልጆቹን በብርድ ልብስ እንደጠቀለላቸው አንድ በአንድ አወጣቸው። እስኪነጋ ግቢው ውስጥ፣ ከማማው ርቀን ተቀመጥን። አልወደቀም፤ ተመስገን። ሲነጋ ግን አንደኛው እግር ከብየዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አግኝተናል።

በዚያው ሳምንት ሮቶውን ባዶ አድርገን አወረድነው። አሁን ያለው ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ባለ፣ በድንጋይና በኮንክሪት በተሠራ ሰፊ መደብ ላይ ነው። ማንም ከማይተኛበት በኩል። መደቡ ከሮቶው ወገብ ይሰፋል፣ ላዩም ልሙጥ ነው። ይህ ዋና ነገር ነው። ሮቶ ሙሉ ቂጡ ማረፍ አለበት። ተራርቀው በተበየዱ ብረቶች ላይ ከተቀመጠ በመሀል በመሀሉ ይጎብጥና ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ከሮቶው ወደ ቤት የሚሄደውን የመጀመሪያ ክንድ ያህል ደግሞ በሚተጣጠፍ ቱቦ አስቀየርነው፤ ደረቅ ቱቦ መሬት ሲነቃነቅ ከመጋጠሚያው ይሰበራል፣ ያጠራቀማችሁት ሁሉ በአንድ ሌሊት ይፈሳል። ሻወሩ አሁን ግፊት የለውም። በባልዲና በጣሳ እንታጠባለን። ልጆቼ ተኝተው ያድራሉ፣ ለእኔ ይበቃኛል። የግድ ከፍታ ያስፈልገኛል የምትሉ ደግሞ ለበያጅ ብቻ አትተዉት፤ ክብደት ማስላት የሚችል መሐንዲስ ይየው።

ስንገጥመው ሁለት ነገር አስተካከልን። አንደኛ፣ ወደ ቤት የሚወስደው መውጫ ከሥሩ አንድ ጣት ሙሉ ከፍ ብሎ ነው የተበሳው፤ ደለሉ ከታች ይቀራል። ደለሉን የምናስወጣበት ሌላ መክፈቻ ከሥሩ አለ። ሁለተኛ፣ የገባው ውሃ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ የሚከለክል ዕቃ መግቢያው ላይ አስገባን። መስመሩ ባዶ ሲሆን ወደ ኋላ ይስባል፤ ያጠራቀማችሁትን ይወስዳል። ለዚህ ነው ከመንገድ መስመር ላይ በቀጥታ በፓምፕ መሳብን አጥብቄ የምቃወመው። የጎረቤትን ውሃ መውሰዱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የባሰው፣ ቱቦው በተሰነጠቀበት ሁሉ የጭቃና የፍሳሽ ውሃ አብሮ መግባቱ ነው።

ውሃው ሲመለስ ደግሞ አትጣደፉ። መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ነው። እኛ ጥርት እስኪል ድረስ በባሊ እየቀዳን ለሽንት ቤትና ለአትክልት እናደርገዋለን፣ ከዚያ ነው ሮቶውን የምንከፍተው።

ክሎሪኑ ላይ ከእናቴ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እሷ ያደገችው በወይራ ከታጠነ እንስራ እየጠጣች ነው። «ይሄ የሆስፒታል ሽታ ያለው ምን ውሃ ነው?» ትለኛለች። እውነት አላት፣ የእንስራ ውሃ ይጣፍጣል፣ ሸክላው ስለሚተነፍስም ይቀዘቅዛል። ግን ጭሱ ውሃን ከጀርም አያጸዳም። አተት በገባበት ሰፈር ደግሞ አንድ ያልታከመ ጀሪካን ቤተሰብ ይጥላል። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ የታከመውን ውሃ ክዳን ባለው ጆግ ከማታ ጀምሮ እናሳድርላታለን፣ ጠዋት ሽታው ይቀንሳል።

የምንጠቀመው ውሃ አጋርን ነው። ክዳኑ ራሱ መለኪያ ነው። ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ አንድ ክዳን፣ ለደፈረሰ ሁለት፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። የገዛችሁትን ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ግን ሁልጊዜ አንብቡ። ጭቃ የበዛበት ውሃ ከሆነ በቅድሚያ ጭቃው እስኪዘቅጥ አቆይታችሁ በንጹህ ነጠላ አጥልሉት። ውሃ አጋር ከጠፋ በረኪናም ይሠራል፤ ነገር ግን መለያው ላይ 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚል፣ ሽቶ ያልተጨመረበት መሆን አለበት። ለ20 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር ነው። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝቼ ከጠርሙሱ ጋር በላስቲክ አስሬዋለሁ፤ በዓይን ግምት አልሠራም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃው ስስ የክሎሪን ሽታ ከሌለው ያንኑ መጠን አንዴ ደግሜ እጠብቃለሁ። ያኔም ከሌለው ያ ውሃ አይጠጣም። ያለ መለያ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን በረኪና ለመጠጥ ውሃ አልነካውም፤ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ማንም አያውቅም። በረኪና ሲቆይ ይሞታልና ትንሽ ትንሹን ግዙ።

ሮቶውን በዓመት ሁለት ጊዜ እናጥባለን፤ ክረምት ሳይገባና ከመስቀል በኋላ። ረጅም እጀታ ባለው መጥረጊያ ከላይ ሆነን እንፈትጋለን፣ ደለሉን እናስወጣለን። ከዚያ ውሃው በደንብ በሚመጣበት ቀን እንሞላውና አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምረን እናሳድረዋለን። ይህ ውሃ አይጠጣም። ግን አይደፋም፤ ወለልና ሽንት ቤት እናጥብበታለን። ወደ ሮቶ ውስጥ ግን ማንም አይግባ፣ ልጅማ በፍጹም። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀልም የሚያፍን ጋዝ ያወጣል።

የክዳን ነገር ስላለ ልድገመው። ትንኝ ለመግባት ሰፊ ቀዳዳ አትፈልግም። እኛ አገር ከ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ቀብሪ ደሃር ላይ የታየች አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ አለች። ረግረግ አትፈልግም፤ ከተማ ውስጥ በሮቶና በበርሜል ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው እሷ ናት። የሮቶአችንን መተንፈሻ ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ አስረነዋል፤ በርሜል ያላችሁ ደግሞ አፉን በሚጠብቅ ክዳን ዝጉት። ክዳኑ ለልጅም ነው። የሚዳህ ልጅ ባለበት ቤት ግማሽ የሞላ በርሜል ክፍት መተው አይቻልም፤ ጭንቅላቱን ካስገባ መውጫ የለውም።

ስለ ፍሎራይድም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ነን፣ የጥርስን ነገር እናውቀዋለን። የከተማችን ቧንቧ ውሃ በቆቃ በኩል ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ውሃ ሲጠፋ ግን በቦቴና በጋሪ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የጉድጓድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በአካባቢያችን ከዚያ በብዙ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ማፍላት አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይከማቻል። ክሎሪንም አይነካውም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ፍሎራይድ የሚጎዳው በዓመታት ነው፣ ጀርም ግን በአንድ ሌሊት። ለጥቂት ቀን ሌላ ከሌለ የጉድጓዱን በክሎሪን አክማችሁ ጠጡት። የዘወትር መጠጥ ግን አታድርጉት፣ በተለይ ጥርሳቸው አድጎ ላልጨረሰ ሕፃናት። በክረምት የዝናብ ውሃ ከዚህ ችግር ነጻ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ እስከ 800 ሊትር ነው። አሸንዳ አሠርተን የመጀመሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ያጠበ ውሃ እንደፋዋለን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እንይዛለን። እሱም ይታከማል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደርጎም፣ ውሃው ሳይቀየር ከቆየ እንደዚያ በርሜል ይሆናል። ስለዚህ ሮቶው ለብቻው አይቀመጥም። የየቀኑ ውሃ በእሱ በኩል ገብቶ በእሱ በኩል ይወጣል፣ ሁልጊዜም ሙሉ ነው። ጀሪካኖቹ ላይ ፕላስተር ለጥፈን የተሞላበትን ቀን እንጽፋለን። በየቅዳሜው ከፊት ያሉት ሁለቱ ወደ ማድ ቤት ይሄዳሉ፣ ሁለት አዲስ ተሞልተው ከኋላ ይሰለፋሉ። በአምስት ሳምንት አስሩም ዞረዋል። ከጀሪካኑ በጣሳ አንጠልቅም፤ እጅ የነካው ጣሳ የታከመውን ውሃ መልሶ ያበላሻል። አዘንብለን በጆግ እንቀዳለን።

ባለፈው ዓመት ውሃ ለዘጠኝ ቀን ሲጠፋ ይህ ሁሉ ተፈተነ። ውሃ እንደሄደ ባወቅን በመጀመሪያው ሰዓት ሽንት ቤቱን ከመስመሩ ዘጋነው። የእጥበት ውሃ በሙሉ ወደዚያ ሄደ። እናቴ ማስታጠቢያውን ከጓዳ አወጣች። ለስድስት ሰው እጅ ማስታጠቢያ አንድ ሊትር ተኩል በቃ፤ ቧንቧ ከፍቶ መታጠብ ስንት እንደሚያፈስ ያኔ ነው የገባኝ። ከአንድ ትሪ በላን፣ የሚታጠበው ዕቃም ትሪና ድስት ብቻ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን መጣች። ልጇ ወልዳ ቤት ገብታለች። አራስ ቤት ውሃ እንደሚበላ የወለደች ታውቃለች፤ ገንፎው፣ ጨርቁ፣ የሚመጣ የሚሄደው እንግዳ። «እባክሽ አንድ ጀሪካን...» ብላ ዝም አለች። ሁለት ነጭና ሁለት ቢጫ አሻገርንላት። ከዚያ ወዲህ ከአስሩ ነጭ ጀሪካኖች ላይ ሁለት ጨመርን፤ እነሱ ለአጥሩ ማዶ ናቸው።

ያለፈው ቅዳሜ ትልቁ ልጄ ሲያዞራቸው አንደኛው ሥር ጣውላው ርሶ አገኘው። ገልብጦ ሲያየው ከታች ስፌቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሩቡ ያህል ፈስሷል። የቀረውን ወደ ቢጫ ገለበጥነው። ሰኞ አመዴ ገበያ ስሄድ አንድ ነጭ እገዛለሁ።